እህቴ ቪኢፒ የሚባል የዓይን ምርመራ ታዘዘላት፤ የሚያውቅ ይንገረኝ

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
እህቴ 26 ዓመቷ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ቀኝ ዓይኗን ስታዞር ያማት ጀመር፣ ከዚያ ደበዘዘባት። ቲማቲም እየከተፈች «በቀኜ ሳየው ቀለሙን የለቀቀ ይመስላል» አለችኝ። ሐኪሙ የእይታ ነርቯ ተቆጥቷል ብሎ ኤምአርአይና ቪኢፒ አዘዘላት፤ አዲስ አበባ ነው የምንሄደው። ያማል እንዴ? ኤምአርአይ እያለስ ለምን? ደግሞ በቀትር ከቀፊራ ገበያ በእግሯ ስትመጣ ይብስባታል፣ ቀዝቀዝ ሲላት ይመለሳል። እናታችን ምች ነው ትላለች።

መልስ (ከሐረር፣ የተመረመረች)
አይዞህ ወንድሜ፣ አያምም። መርፌ የለውም። ጭንቅላቷ ኋላ ላይ ትንንሽ ሽቦ ይለጥፉላታል። አንድ ዓይኗን ሸፍነው ስክሪን ላይ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጩ ሲቀያየር መሃል ያለችውን ነጥብ ታያለች። ከዚያ ሌላውን ዓይን። እኔ ቅቤ ተቀብቼ ሄጄ ሽቦው አልይዝ አለና ቀጠሮዬ ተላለፈ፣ አልቅሼ ነው የተመለስኩት። ሹሩባዋን ፈትታ፣ በሳሙና ታጥባ ትሂድ። መነጽር ካላት ትያዝ።

መልስ (የዓይን ህክምና ባለሙያ)
እህታችን እንዳለችው ነው። በዚያ ቀን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አይደረግላት፣ ውጤቱን ያዛባል።

ኤምአርአይ አንጎልና ነርቭ ላይ ያለውን ጠባሳ በምስል ያሳያል። ቪኢፒ ግን መልእክቱ ከዓይን ተነስቶ አንጎል ኋላ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይለካል። በጤነኛ ሰው 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የነርቩ ሽፋን፣ ማይሊን፣ ሲጎዳ ይዘገያል። ሃሊደይ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህን በ1972 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ አሳይተዋል። እይታዋ ከተመለሰ በኋላም መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ደህና ነው የምትለው ግራ ዓይኗም ዘግይቶ ከተገኘ ሐኪሙ መልቲፕል ስክለሮሲስን፣ ማለትም የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮችን ማይሊን የሚጎዳ በሽታን፣ አጥብቆ ያስባል። መዘግየት ብቻውን ግን በሽታው አለባት አያሰኝም፣ አትደናገጡ። አሜሪካ ውስጥ የእይታ ነርቫቸው የተቆጣ ሰዎችን 15 ዓመት በተከታተሉት ጥናት፣ መጀመሪያ ኤምአርአያቸው ንጹህ ከሆነው 25 በመቶው ብቻ ናቸው መልቲፕል ስክለሮሲስ የያዛቸው። ጠባሳ ከነበረባቸው 72 በመቶ።

እናትህ ፀሐዩን መጠርጠራቸው ልክ ነው፤ ምች ግን አይደለም። ሰውነት ሲሞቅ የተጎዳ ነርቭ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1890 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ነው። አዲስ ጉዳት አያመጣም፤ በጠዋት ትውጣ፣ ውሃ ትያዝ።

አደራ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝታ በራሷ እንዳትጀምር። በተለመደው መጠን በአፍ ብቻ የወሰዱት ላይ ሕመሙ ደጋግሞ ተመልሷል። ሌላው ዓይኗ ከደበዘዘ፣ እግሯ ከከዳት ወይም ሽንት ካስቸገራት ቀጠሮ አትጠብቁ።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ማክሰኞ እንነሳለን። መልሳችሁን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ሹሩባዋን አሁን እየፈታችላት ነው።