የአራት ዓመት ማርክ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ይያዝ ወይስ አይያዝ?

ክርክሩን ያነሳው (ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14)፦
በቀጥታ ልናገር። ልጅ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አራት ዓመት ይማራል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግን የሚታይለት የጥቂት ቀን ፈተና ብቻ ነው። 50 በመቶ ካመጣ ገባ፤ ካላመጣ ቀረ፣ ዕድል ከቀናው ደግሞ ሪሜዲያል፣ ማለትም 50 ላላመጡት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት። ትራንስክሪፕቱ ፋይል ማሟያ ነው። እኔ የምለው የትምህርት ቤት ውጤት 30 በመቶ ይያዝ ነው። አዲስ ነገር አላመጣሁም። ሪሜዲያል ሲጀመር 30ው ከዩኒቨርሲቲው ምዘና፣ 70ው ከማዕከል ፈተና ነበር። እዚያ ከተቻለ እዚህ ምን ይከለክላል?

የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪ፦
ወንድሜ፣ አልስማማም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ የተደረገው እኮ በስርቆትና በኩረጃ ምክንያት ነው። የ2014 ተፈታኞች ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50ና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2017ም ገና 8.4 በመቶ ነው። ሪፖርት ካርዱ ግን 80 እና 90 ሞልቶታል። አብሮኝ የተማረ ልጅ ከክፍላችን ሁለተኛ ይወጣ ነበር፣ ማትሪክ ላይ ግማሹን አላገኘም። ያን ማርክ ካስገባህ ኩረጃውን መልሰህ አመጣኸው ማለት ነው።

የሂሳብ መምህር፦
ማርክ እንዴት እንደሚሞላ ልንገራችሁ። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ። ለእያንዳንዱ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ ቴስት፣ ሚድ እያልኩ ማርክ ሊስት እሞላለሁ። የቡድን ሥራውን ከስድስት ልጅ ሁለቱ ይሠሩታል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የስድስቱም ስም አለ፣ ስለዚህ ስድስቱም 10 ከ10 ያገኛሉ። ሮስተር (የክፍሉ ጠቅላላ ውጤት መዝገብ) ሊሠራ ሲል ደግሞ «ቲቸር፣ ሁለት ማርክ ብቻ» የሚለው ይሰለፋል፣ ወላጅ ይደውላል። ማርኩ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ሆኖ እያለ እንዲህ ነው። 30 በመቶ የተያዘለት ቀን መምህሩን ማን ይጠብቀዋል? አንድ ነገር ግን እመሰክራለሁ። ቁጥሩ ቢጋነንም ደረጃው ብዙ አይሳሳትም። ከክፍሌ ማን እንደሚበልጥ አውቃለሁ።

እናት ከሽንብጥ፦
ልጄ አራት ዓመት ከደረጃ ወጥታ አታውቅም። የፈተናው ሰሞን ታይፎይድ ያዛት። ግቢ ውስጥ እየተንቀጠቀጠች ተፈተነች፣ ለጥቂት ነጥብ ቀረች። የአራት ዓመት ደብተሯን ገልጦ ያየላት የለም። መምህር፣ እርስዎ ደረጃው አይሳሳትም ካሉ ለምን አይታይላትም?

ክርክሩን ያነሳው፦
እናቴ፣ ልክ ብለዋል። ቲቸር ያነሱት የደረጃ ነገር ነው መፍትሔው። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ውስጥ የትምህርት ቤት ምዘና ግማሹን ይይዛል። ግን የትምህርት ቤቱ ቁጥር እንዳለ አይወሰድም። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች በግዛቱ ፈተና ላይ ባመጡት ልክ ይስተካከላል፣ ደረጃቸው ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ለሁሉም 95 ያደለ ትምህርት ቤት ልጆቹ ፈተናው ላይ 35 ካመጡ ማርኩም አብሮ ይወርዳል። ማርክ መቸር ትርፍ የለውም።

የፔዳ ተማሪ፦
አንድም ልጅ ያላሳለፈ ትምህርት ቤትስ? በ2014 ብቻ ከ1000 በላይ ነበሩ። እዚያ አንደኛ የወጣው ልጅ ማርክ ወርዶ ወርዶ የት ይደርሳል?

ከዘጌ፦
ሁላችሁም ትምህርት ቤት ክፍት እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ከ2015 ማለቂያ ጀምሮ በክልላችን በጦርነቱ ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ! የአክስቴ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋበት ዘመድ ጋ ተጠግቶ ባሕር ዳር ልቀጥል አለ። ትራንስክሪፕት አምጣ ተባለ። ከየት ያምጣ? ሪከርድ ክፍሉ ተቆልፏል፣ ርዕሰ መምህሩ አካባቢውን ለቋል፣ ማህተሙ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ያንን ወረቀት 30 በመቶ ካላችሁት ይህ ልጅ ከ100 ሳይሆን ከ70 ብቻ ሊታሰብለት ነው። ፈተናው ቢያንስ ወረቀት አይጠይቀውም።

ክርክሩን ያነሳው፦
ወረቀት ባይጠይቀውም ያልተማረውን ይጠይቀዋል። እዚያም ተበዳይ ነው። ማርክ ለሌለው ልጅ ፈተናው ብቻውን ከ100 ይያዝለት፣ ያለው ደግሞ አይከልከል። የአንዱን በደል ለመካስ የእኚህን እናት ልጅ መቅጣት የለብንም።

የሂሳብ መምህር፦
ቢጀመር እንኳ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ባለው ላይ አይሁን። ዛሬ 9ኛ ከሚገባው ይጀመር፣ መምህርም ተማሪም አውቆት ይግባበት። መጀመሪያም 50 ላላመጡት፣ ለሪሜዲያል መምረጫ ይሞከር። ተቀራራቢ ነጥብ ካላቸው ልጆች መካከል ከትምህርት ቤቱ በደረጃ የቀደመው ይግባ።

የፔዳ ተማሪ፦
ለሪሜዲያል ከሆነ እስማማለሁ ቲቸር። ለዋናው መግቢያ ግን ፈተናው ብቻ ይቆይ። የቡድን ሥራው 10 ከ10 መታደሉን ሳያቆም በዚያ ማርክ ዩኒቨርሲቲ እንግባ ብትሉኝ እሺ አልልም።