«ኬፕስትረም» ወይስ «ሴፕስትረም»? «የገደል ማሚቶ»ስ ያስኬዳል?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የምማር ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራችን ስለ ንግግር ድምፅ ነው። ማጠቃለያውን በአማርኛም ልጽፈው ብዬ ስነሣ ገና መጀመሪያው መስመር ላይ አንድ ቃል ያዘኝ። አንዳንዱ «ኬፕስትረም» ይላል፣ ሌላው «ሴፕስትረም»። አቻ ቃል ስፈልግ ጓደኛዬ «የገደል ማሚቶ በይውና ተገላገይ» አለችኝ። ያስኬዳል ትላላችሁ?

ጋሼ ፊደል፦
አያስኬድም ልጄ፤ ጓደኛሽ ግን ከነገሩ ብዙም አልራቀችም። «የገደል ማሚቶ» በቀጥታ ሲፈታ ገደል ወይም ተራራ መትቶ የሚመለስ ድምፅ ነው። በዘይቤ ደግሞ የራሱ ሐሳብ ሳይኖረው ሌላው ያለውን ተቀብሎ የሚያስተጋባ ሰው ነው፤ «እሱ እኮ የአለቃው የገደል ማሚቶ ነው» እንላለን። ሁለቱም ፍቺ የሚናገረው ስለ ተመላሹ ነው። አንቺ የምትፈልጊው፣ እንደገባኝ፣ ተመላሹን ከመጀመሪያው የሚለይ ስሌት ስም ነው። የሙያው ሰው ቢኖር ደግ ነበር።

የሞገድ ሰው፦
ጋሼ ልክ ነዎት፤ ነገሩ የተነሣው ግን በእርግጥም ከማሚቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ቦገርት፣ ሂሊና ቱኪ በመሬት መንቀጥቀጥና በፍንዳታ ሞገድ ውስጥ ተደርቦ የሚመጣ ማሚቶ እንዴት እንደሚገኝ ጻፉ። (ኮምፒውተር ውስጥ የምንጠራት «ቢት» የምትባለውን ቃል ያወጣውም ይኸው ቱኪ ነው።)

በቁጥር ላሳይሽ እህቴ። ከአንድ ገደል 34 ሜትር ርቀሽ ብትጣሪ ድምፅሽ ደርሶ መልስ 68 ሜትር ይጓዛል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ማሚቶው ከ0.2 ሰከንድ በኋላ ይደርስሻል። የሁለቱን ድምር ስፔክትረም፣ ማለትም በየፍሪኩዌንሲው (በየንዝረት ፍጥነቱ) ያለውን ጉልበት፣ ስትስይው በየ5 ኸርዝ ከፍ ዝቅ ይላል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ያንን ስፔክትረም ራሱን እንደ አዲስ ሲግናል ትቆጥሪውና ሎጋሪዝሙን ወስደሽ እንደገና ፉሪየር (ሲግናልን ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚበትነውን ስሌት) ትሠሪለታለሽ። በየ5 ኸርዝ ይደጋገም የነበረው ነገር 0.2 ሰከንድ ላይ አንድ ሹል ጫፍ ሆኖ ይወጣል። ያ ያጠራጠረሽ ቃል የዚህ ውጤት ስም ነው። ሎጋሪዝሙ የገባው ብዜትን ወደ ድምር ስለሚቀይር ነው፤ የተደመረ ነገር ከተባዛ ይልቅ ለመነጠል ይቀላል።

ንግግርም በዚሁ መንገድ ይነጠላል። የድምፅ አውታሮች ይንቀጠቀጣሉ፣ ጉሮሮና አፍ ደግሞ ያንን ድምፅ በቅርጻቸው ይለውጡታል። በስፔክትረም ላይ የሁለቱ ሥራ ተባዝቶ ነው የሚታየው። አውታሮቹ በሰከንድ 125 ጊዜ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ጫፉ 8 ሚሊሰከንድ ላይ ይወጣል፤ 200 ጊዜ ከሆነ 5 ሚሊሰከንድ ላይ። የአፉ ቅርጽ ግን ከዜሮ አጠገብ ባሉት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቁጥሮች ውስጥ ይሰበሰባል። ንግግር ለማወቅ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ 13ቱን ወስደው ሌላውን ይተዉታል።

ጋሼ ፊደል፦
ይህ ለእኛ ለቃል ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። «ድምፁ ቀጭን ነው»፣ «ድምፁ ወፍራም ነው» ስንል የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ለይተን አናውቅም። የአውታሩን ፍጥነት ነው ወይስ የአፉን ስፋት? «ጎርናና»ስ? ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ኖሯል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። እኔ «ኬፕስትረም» ጻፊ ባይ ነኝ። ቃሉ የተሠራው «ስፔክትረም» ከሚለው የመጀመሪያውን ክፍል በመገልበጥ ነው። «ስፔክ»ን ከኋላ ወደ ፊት ብታነቢው «ኬፕስ» ይመጣል። በላቲን ሲጻፍ ፊደሉ አንድ ስለሆነ «ሴፕ» ብለው ቢያነቡትም ግልበጣው በዓይን ይታያል፤ የኛ ፊደል ግን የሚጽፈው ድምፁን ነው። «ሴፕስትረም» ካልሽ ክ ጠፋ፣ ግልበጣውም አብሮ ጠፋ።

የሞገድ ሰው፦
ያላሰብኩት ነው ጋሼ። እነዚያ ሰዎች ፍሪኩዌንሲንም፣ ፊልተርንም፣ ሃርሞኒክንም እንዲሁ ገልብጠዋቸዋል። ሃርሞኒክ «ራህሞኒክ» ሆነ። የፍሪኩዌንሲው ግልባጭ «ኩዌፍረንሲ» ነው፤ የሚለካውም በኸርዝ ሳይሆን በሰከንድ ነው። እኛ ፍሪኩዌንሲን «ድግግሞሽ» የምንል ከሆነ ይህንን ምን እንበለው?

ጋሼ ፊደል፦
«ግድግሞሽ»። የፊተኞቹን ሁለት ፊደላት ብቻ ማለዋወጥ ነው። አንባቢ የኅትመት ስሕተት እንዳይመስለው መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ አንድ መስመር ማብራሪያ ይበቃዋል። «የጊዜ ርቀት» ብሎ መተርጎምም ይቻላል፤ እኔ ግን «ግድግሞሽ» ላይ እጸናለሁ፤ የቃሉን አወጣጥ ጠብቆ ያስተላልፋል።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፤ «ግድግሞሽ»ን ወስጃለሁ። ሌላ ጥያቄ አለኝ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። የከተማችን ስም እንኳ በቁቤ ሲጻፍ ም ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በእኛ ፊደል «ጅማ» ብቻ ነው፣ አጥብቆ ማንበቡ የአንባቢው ፋንታ ነው። ኬፕስትረሙስ «ገና» በዓሉንና «ገና» አልደረሰም የሚለውን ይለያቸዋል?

የሞገድ ሰው፦
አንዷን ቁራጭ ብቻ ካየሽ አይለይም። ድምፁ የሚከተፈው 25 ሚሊሰከንድ ገደማ በሚረዝሙ ቁራጮች ነው፤ አዲስ ቁራጭ በየ10 ሚሊሰከንዱ ይጀምራል። የጠበቀውም የላላውም ን በአንድ ቁራጭ ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር ነው የሚሰጥሽ። ልዩነቱ ያ ቁጥር በስንት ቁራጮች ላይ ተከታትሎ መቆየቱ ነው፤ ስለዚህ መለየት ያለበት ከኬፕስትረሙ በኋላ የሚመጣው ሞዴል ነው። ጠ እና ቀ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ፈልጊ። ተነባቢው ሲፈነዳ ከሚሰማው ድምፅ በኋላ አናባቢው እስኪጀምር ባለችው አጭር ጊዜ አውታሮቹ አይንቀጠቀጡም፤ ያ የ5 ወይም የ8 ሚሊሰከንድ ጫፍ እዚያ ይጠፋል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ታገኚዋለሽ።

ጠያቂዋ፦
አሁን ሞከርኩት። በተቀዳ ድምፅ ላይ የሞገድ ከፍታው (አምፕሊቱዱ) ግማሽ የሆነ አንድ ማሚቶ በ0.2 ሰከንድ ጨመርኩ። ጫፉ ባሉት ቦታ ወጣ፤ ግን 0.4 እና 0.6 ላይም ትንንሽ ጫፎች አሉ። ማሚቶው አንድ ብቻ ነው እኮ!

የሞገድ ሰው፦
ራህሞኒክ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሎጋሪዝሙ ነው የሚፈጥራቸው። አንድ ማሚቶ ብቻ ቢኖርም በተከታታይ ድምር ሲዘረዘር 0.5፣ ቀጥሎ 0.125፣ ቀጥሎ 0.042 ገደማ እያለ ይወርዳል፤ ምልክቱም በየተራ ይለዋወጣል። ፍጹም ዋጋ ሳትወስጂ ሳይው፤ 0.4 ላይ ያለው ወደ ታች መውረድ አለበት።

ጠያቂዋ፦
አዎ፣ ወደ ታች ነው። 0.6 ላይ ያለው ወደ ላይ።