ቀብድ የከፈልንበት ካርድ ቀረና «ሌላ ውሰዱ» ተባልን፤ እንቀበል?

ካሜራና ቬሎ (ጠያቂ)፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። እኔና ታናሽ ወንድሜ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ አለችን። ሰርግ እንቀርጻለን፣ ኤዲት እናደርጋለን። ኮምፒውተራችን ፎር ኬ ቪዲዮ ሲያይ ይደነግጣል። ስለዚህ የኤንቪዲያን አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ (ምስልና ቪዲዮ የሚያስኬደውን የኮምፒውተር ክፍል) አዘዝንና ግማሹን ቀብድ ከፈልን። «በሁለት ሳምንት ከዱባይ ይገባል» ተባለ። ይኸው ስድስተኛ ሳምንታችን። መጀመሪያ «ጉምሩክ ላይ ነው» ነበር፣ አሁን «ከገበያ ጠፍቷል» ሆኗል። ሰውየው ሁለት ምርጫ ሰጠን። አንዱ ባለ 8 ጊጋው 3060 ነው፤ «ያው ነው፣ ሚሞሪው ብቻ ነው ያነሰው» ይላል። ሌላው ካርቶኑ ያልተከፈተ የኤኤምዲ (የሌላኛው ካርድ ሠሪ) አርኤክስ 580 ነው፤ ትርፉን ብር ይመልሳል። ጥር ላይ አምስት ሰርግ ይዘናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

ባለካውያ፦
እህቴ፣ ተንኮሉ ያለው «ሚሞሪው ብቻ» የምትለዋ ላይ ነው። ባለ 12ቱ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ወጣ። ባለ 8ቱ በ2022 መጨረሻ ገደማ ተከተለ፣ ያንኑ ስም ይዞ። የሚሞሪው መንገድ ግን ጠቧል። የአዲስ አበባ–አዳማን ፈጣን መንገድ አስቢው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሲቆጠር ስድስት መስመር አለው። ባለ 12ቱም እንደዚያው ነው፦ ስድስት መስመር፣ እያንዳንዱ 32 ቢት፣ ድምሩ 192 ቢት። ባለ 8ቱ ላይ ሁለቱ መስመሮች ተዘግተው 128 ቢት ቀርቷል። በሰከንድ 360 ጊጋባይት ያሳልፍ የነበረው ወደ 240 ወርዷል። ሞተሩ አልተነካም፣ ሁለቱም 3584 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ክፍሎች) አላቸው። መኪናው ደህና ነው፣ መንገድ ላይ ግን ይሰለፋል።

በዋናው ዋጋ እንዳትወስጂ። የዋጋ ልዩነቱን በደንብ ከመለሰ ሌላ ነገር ነው።

ለሊት ሬንደር፦
እኔ ባለ 8ቱን ይዤ እየሠራሁ ነው፣ አልሞትኩም። ፉል ኤችዲ ከሆነ ይበቃል። ፎር ኬ ላይ ከለርና ኖይዝ ማጥፊያ ስትደራርቢ ነው «ሚሞሪ አለቀ» የሚልሽ። ያ ደግሞ ሁሌ የሚመጣው ሙሽራዋ ቪዲዮውን በጠየቀችበት ማታ ነው።

የሶደሬ ልጅ፦
ስለ 580ው ልናገር። አርኤክስ 480 እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ፣ በዓመቱ ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ አድርገው 580 አሉት። ቺፑ ያው ፖላሪስ ነው። ረዳቱ «ናዝሬት ናዝሬት» እያለ ቢጣራ ታፔላው ላይ «አዳማ» ቢጻፍ የምትወርጂው አንድ ቦታ ነው አይደል? እንደዚያ በይው።

ይህስ ባልከፋ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «580 2048ኤስፒ» የሚባል መጣ። ዋናው 580 2304 ኮር አለው፣ ይህኛው 2048። ማለትም በስም 580፣ በሥራ ግን ዝቅ ያለው 570 ነው። ካርቶኑ ላይ ቁጥሯን በደቃቁ ነው የሚጽፏት፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይጽፋትም። «ያልተከፈተ» ማለቱም አያሳምነኝም። ክሪፕቶ ሲቆፍር ኖሮ ታጥቦ፣ ተቀብቶ በአዲስ ካርቶን የመጣ ሊሆን ይችላል። ለሥራ ከሆነ ተዪው።

ቆይ ትንሽ፦
ለምን አዲሱን የካርድ ትውልድ አትጠብቂም? ይረክሳል።

ባለካውያ፦
@ቆይ ትንሽ፣ ወንድሜ ጥር አይጠብቅማ! መጠበቅ ከተባለ እኛ የኤንቪዲያውን ጂቲኤክስ 480 (ከአርኤክስ 480 የተለየ ነው) ጊዜ እናውቃለን። የተፎካካሪው የኤኤምዲ ሬዲዮን 5870 እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 ገበያ ገባ። የኤንቪዲያው መልስ የመጣው በመጋቢት 2010 ነው፣ ያውም እንደ ምጣድ እየጋለ። ስሙም ራሱ አይታመንም። በ2022 «4080 ባለ 12 ጊጋ» ብለው አስተዋወቁ፣ ገዢው ሲጮህ ሰረዙት፣ በጥር 2023 «4070 ቲአይ» ብለው አወጡት። ዋጋው ከ899 ወደ 799 ዶላር ወረደ። ጩኸት አንዳንዴ ይሠራል ማለት ነው። እህቴ፣ አንቺም ጩሂ፣ ቀብድሽን አስመልሺ።

ከዚያ ያገለገለ ባለ 12 ፈልጊ። ቀሪውን ብር ከመክፈልሽ በፊት ካርዱን ኮምፒውተር ላይ አሰክተሽ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቺ። ሚሞሪው 12 ጊጋ፣ ባሱ (የሚሞሪው መንገድ) 192 ቢት፣ ኮሩ 3584 ይበል። ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ ያለው መነሻ ሶፍትዌር) ተቀይሮ በሌላ ስም የሚሸጥ ካርድ ከሆነ ስሙ አጠገብ ብዙ ጊዜ «ፌክ» ብሎ ይጽፍልሻል። ሻጩ «ማሰካት አይቻልም» ካለ ሰላም ብለሽው ውጪ። ፓወር ሳፕላይሽንም እዪ፤ ካርዱ 170 ዋት ይበላል፣ የሚመከረው ባለ 550 ነው።

ለሊት ሬንደር፦
ስታቢላይዘርም አትርሺ። የአዳማ ሙቀትና የመብራቱ መምጣት መሄድ አንድ ላይ ሆነው የእኔን አሮጌ ካርድ በልተውታል።

ካሜራና ቬሎ (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልን። ዛሬ ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። 580ው ካርቶን ጀርባ ላይ 2048 የምትለዋን አገኘናት፣ ሰውየውም «እኔም አላየኋትም» አለ። ባለ 8ቱንም አልወሰድንም። ያገለገለ ባለ 12 አዲስ አበባ የሚያስሞክር ሰው አግኝተናል፣ ቅዳሜ ሄደን እናየዋለን። ከቀብዱ ግማሹን መልሶልናል። ቀሪውን «ሰኞ» ብሏል። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልነገረንም።