የራማን መንገድ ተከትዬ ከአዮድያ እስከ ራሜስዋራም ልጓዝ አስቤአለሁ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

ጡረተኛው መምህር (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ።

በ1966 ዓ.ም. እዚሁ ሐዋሳ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሒሳብ ያስተምሩን የነበሩ አንድ ህንዳዊ መምህር፣ ዓርብ ዓርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ያህል እየቆጠቡ አንድ ረጅም ታሪክ በየሳምንቱ እየቀጠሉ ይተርኩልን ነበር። ታሪኩ ራማያና እንደሚባል ያወቅሁት ብዙ ዘግይቼ ነው፤ ያኔ ለእኛ «የዓርቡ ታሪክ» ነበር። በእንጀራ እናቱ ምክንያት ዙፋኑን ተነፍጎ 14 ዓመት በዱር እንዲኖር የተፈረደበትን ልዑል ራማን፣ አልለይህም ብላ የተከተለችውን ሚስቱን ሲታን፣ ወንድሙን ላክሽማናን፣ ሲታን ሰርቆ ባሕር ማዶ ወደ ላንካ የወሰዳትን ባለ አሥር ራሱን ራቫናን ሁሉ ያወቅናቸው በእርሳቸው አንደበት ነው። መምህራችን ጦጣው ሃኑማን ባሕሩን በአንድ ዝላይ ተሻግሮ፣ በአትክልት ቦታ ታስራ ለምታለቅሰው ሲታ የባሏን ቀለበት እስከሰጠበት ድረስ አደረሱንና ትምህርት ተዘጋ። ወደ አገራቸው ሄዱ፤ በመስከረምም አልተመለሱም።

ታሪኩን በኋላ እስከ ፍጻሜው አንብቤዋለሁ። ሆኖም አሞራ ገደል ዳር ተቀምጬ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወረወሩ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያነበብኩት ሳይሆን መምህራችን የቆሙበት ቦታ ነው። እኔም በተራዬ 38 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጆቼ ዘንድሮ የጉዞውን ወጪ ልንሸፍንልህ እንችላለን ስላሉኝ፣ ራማ አልፎባቸዋል የሚባሉትን ቦታዎች በሦስት ሳምንት ውስጥ ለማየት እመኛለሁ። የትኞቹን ልምረጥ? እስከ ስሪላንካ መሄድስ አስፈላጊ ነው? በተጨማሪም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ እንደመሆኔ በሌላ እምነት ቅዱሳት ቦታዎች እንዴት ብመላለስ ይገባኛል? አገሩን የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የፑኔ ተመራቂ (አዳማ)

የተከበሩ መምህር፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ፑኔ ሁለት ዓመት የኖርኩ ሲሆን፣ ናሺክን፣ ሃምፒንና ራሜስዋራምን በእረፍት ጊዜዬ፣ አዮድያንና ቺትራኩትን ደግሞ ከመመለሴ በፊት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬና ከእናቷ ጋር አይቻቸዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ርቀቱ ልናገር። ከአዮድያ እስከ ራሜስዋራም በቀጥታ መስመር ብቻ ቢለካ ወደ 2000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሰባት ጊዜ ደጋግሞ እንደ መሄድ ነው። የህንድ ምድር ባቡር እነዚህን ቦታዎች የሚያዞር ልዩ የጉብኝት ባቡር አለው፤ ነገር ግን ጎብኚው በየቦታው ወርዶ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ስለሚሳፈር፣ በእርስዎ ዕድሜና በእርስዎ ፍላጎት ለሚሄድ ሰው አልመክረውም። ሦስት ወይም አራት ቦታ መርጠው በእያንዳንዱ ጥቂት ቀን ቢቆዩ ይሻላል።

አዮድያ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት በሳራዩ ወንዝ ዳር ያለች፣ ራማ ተወለደባት የሚሏት ከተማ ናት። አዲሱ የራማ ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 2024 ከተመረቀ ወዲህ ሰው በሰው ላይ ነው። ቦታው ከባድ ታሪክ አለው፤ በዚያ የነበረው የባብሪ መስጊድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1992 ፈርሶ፣ በተከተለው ግጭት ብዙ ሰው አልቋል፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቦታው ለቤተ መቅደስ እንዲሰጥ የወሰነው በ2019 ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከማያውቁት ሰው ጋር ባይነጋገሩ እመክራለሁ። እኔን ይልቅ የማረከኝ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው ናንዲግራም ነው። የራማ ታናሽ ወንድም ባራታ፣ እናቱ ያስገኘችለትን ዙፋን አልፈልግም ብሎ፣ የወንድሙን ነጠላ ጫማ ዙፋኑ ላይ አስቀምጦ አሥራ አራቱን ዓመት በጫማው ስም አገር ያስተዳደረው ከዚያ ሆኖ ነው ይባላል። የጓደኛዬ እናት እዚያ ሲደርሱ ምንም ሳይናገሩ ጫማቸውን አውልቀው አቧራው ላይ ቁጭ አሉ፤ እኛም አብረናቸው ተቀመጥን።

ባራታ ጫማውን የተቀበለው ቺትራኩት ላይ ነው። እዚያ ምእመናን ካማድጊሪ የሚባለውን በደን የተሸፈነ ኮረብታ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በባዶ እግር ይዞሩታል፤ ማታ ማታ በማንዳኪኒ ወንዝ ዳር መብራት ይበራል። ቦታው ደስ ይላል፤ ነገር ግን መንገዱ አድካሚ ስለሆነ ጊዜ ካጠረዎት ይለፉት። ናሺክም ከሙምባይ የአራት ሰዓት ያህል መንገድ ናት። ላክሽማና የራቫናን እህት አፍንጫ የቆረጠባት ስለሆነች ስሟም አፍንጫ ከሚለው የሳንስክሪት ቃል መጣ ይላሉ። ሲታ የተሰረቀችበት ፓንቻቫቲ የሚባለው ሰፈር በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ይገኛል። አስጎብኚዎች ሲታን ለመጠበቅ ላክሽማና መሬት ላይ ያሰመረውን መስመር ያሳዩዎታል፤ ይህ መስመር ራማያናን መጀመሪያ ደረሰ በሚባለው በቫልሚኪ የሳንስክሪት ድርሰት ውስጥ እንደሌለና ከኋለኞቹ ትረካዎች የመጣ እንደሆነ ግን አይነግሩዎትም። ሰፈሩ ውስጥ ያለው የካላራም ቤተ መቅደስ፣ ዝቅተኛ ተብለው የተገፉት ወገኖች እንግባ ብለው እ.ኤ.አ. በ1930 በዶክተር አምቤድካር መሪነት ደጁን የጠየቁበት ነው። ለእኔ ይህ ከመስመሩ ይበልጥ የሚታወስ ነው።

ሃምፒ ግን ፈጽሞ እንዳይቀርብዎት። በካርናታካ ግዛት፣ በቱንጋባድራ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ቤት የሚያካክሉ ቋጥኞች አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለው ይታያሉ፤ በታሪኩ የጦጣዎቹ መንግሥት ኪሽኪንዳ ይህ ነው ይባላል። የጦጣዎቹ ሠራዊት ለጨዋታ የወረወራቸው ድንጋዮች ናቸው ብትባል፣ ቦታው ላይ ቆመህ ለማመን አትቸገርም። እ.ኤ.አ. በ1565 በጦርነት የወደመችው የቪጃያናጋር መንግሥት ዋና ከተማ ፍርስራሽም እዚሁ ስለሆነ፣ ዩኔስኮ በ1986 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በወንዙ ዳር አንድ ጠባብ ዋሻ አለ። ሲታ በራቫና ተይዛ በሰማይ ስታልፍ ጌጣጌጧን በጨርቅ ቋጥራ ወደ ጦጣዎቹ የጣለችበትና ጦጣዎቹም ያኖሩበት ነው ይላሉ፤ በዓለቱ ላይ የሚታየውን ነጣ ያለ መስመርም የልብሷ ዱካ ነው ብለው ያሳያሉ። ራማ ጌጡን ለወንድሙ ሲያሳየው ላክሽማና አምባሩንና የጆሮ ጉትቻውን አላውቃቸውም፣ የእግሯን አልቦ ግን አውቀዋለሁ ይላል፤ በየቀኑ እግሯ ላይ ወድቆ እጅ ሲነሣ ቀና ብሎ አይቷት አያውቅምና። ይህን የነገረኝ ጀልባ ቀዛፊ ሽማግሌ ነበር። ጀልባው እንደ ሰፌድ ክብ ሆኖ ከቀርከሃ የተጠለፈ ነው፤ ወንዙ መሐል ሲደርስ ቀስ እያለ ይሽከረከራል፤ ሽማግሌው ታሪኩን ሲነግረኝ ፊቱ አንዴ ወደ ዋሻው አንዴ ወደ እኔ ይዞር ነበር።

ከወንዙ ማዶ በአኔጉንዲ በኩል ሃኑማን ተወለደበት የሚሉት የአንጃናድሪ ኮረብታ አለ፤ 575 ያህል ደረጃ ስላለው ጎህ ሳይቀድ ቢጀምሩ ይሻላል። የሐዋሳ ጦጣ ሙዝ ከእጅ እንደሚነጥቅ ያውቃሉ፤ የዚያም ጦጣ የባሰ ነውና በእጅዎ ፌስታል አይያዙ። በፍርስራሹ መካከል ያለውን የሃዛራ ራማ ቤተ መቅደስም ዙሩት፤ ራማያናው በግድግዳው ላይ በተርታ ስለተቀረጸ በእግር እየሄዱ የሚያነቡት መጽሐፍ ነው።

ራሜስዋራም በታሚል ናዱ ጫፍ በፓምባን ደሴት ላይ ናት። ጦጣዎቹ ወደ ላንካ ድልድይ የሠሩት ከዚህ ተነሥተው ነው ይባላል። እኔ በሄድኩበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተው የባሕር ላይ የባቡር ድልድይ አገልግሎት አቁሞ ስለነበር በመኪናው ድልድይ ተሻገርኩ፤ አዲሱ የባቡር ድልድይ በሚያዝያ 2025 ስለተከፈተ እርስዎ ባሕሩን በባቡር ይሻገሩታል። ከዚያ ዳኑሽኮዲ ድረስ ይዝለቁ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1964 በአውሎ ነፋስ ጠፍታ፣ ዛሬ የቤተ ክርስቲያንና የባቡር ጣቢያ ግድግዳ ብቻ አሸዋ ላይ ቆሞላታል። ከዚያ ወዲያ ውኃ ነው። ጉዞዎን እዚያ ቢፈጽሙ የሚጎድል ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሁለት ነገር አደራ። የቢጫ ወባ ክትባት ከመነሣትዎ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከትበው ካርዱን ይያዙ፤ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ መንገደኛ ግዴታ ነው፤ ያለ ካርዱ የደረሰ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተለይቶ ይቆያል። ጊዜውም ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ይሻላል፤ ክረምታቸው ከእኛ ክረምት ጋር የሚገጥም ሲሆን፣ በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ የሃምፒ ድንጋይ እንደ ምጣድ ይግላል። ሰሜኑ በታኅሣሥና በጥር በጭጋግ ስለሚሸፈን ባቡር ብዙ ሰዓት ሊዘገይ ይችላልና ቀኖችዎን አያጣብቡ።

ኮሎምቦን ያየሁ

መምህር፣ እህታችን የጻፈችው ሁሉ ትክክል ነው። በመጨረሻው ነገር ብቻ አልስማማም።

መምህርዎ ታሪኩን ያቆሙት ቀለበቱ ሲታ እጅ ሲገባ ነው ብለዋል። በስሪላንካ ደጋ፣ ከኑዋራ ኤሊያ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ሲታ ኤሊያ የምትባል ቦታ አለች፤ ሲታ የታሰረችበት የአትክልት ቦታ ይህ ነው የሚሉ ምእመናን አንድ ትንሽ ባለ ቀለም ቤተ መቅደስ በጅረት ዳር ሠርተውባታል። በጅረቱ ዓለት ላይ ያሉትን ጎድጓዳ ምልክቶች የሃኑማን የእግር አሻራ ናቸው ይላሉ፤ ላሊበላ ሄዶ የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ኮቴ ዓለት ላይ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይከብደውም። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ዙሪያው የሻይ ቅጠል ተክል ነው። ስለዚህ እርስዎ ዳኑሽኮዲ ላይ ቆመው ቢመለሱ፣ መምህርዎ ያቆሙበት ቦታ ከባሕሩ ማዶ ይቀራል።

በእርግጥ ላንካ የዛሬዋ ስሪላንካ ስለመሆኗ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ በመካከለኛው ህንድ የፈለጓትም አሉ። የደሴቲቱ ሕዝብ አብዛኛው ቡድሂስት ስለሆነም ራማያና እንደ ህንድ በየቤቱ የሚነገር አይደለም፤ ለጎብኚ የሚታዩት ቦታዎች ብዙዎቹ ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ የታወቁ ናቸው። ቢሆንም በኬላኒያ ቤተ መቅደስ የራቫና ወንድም ቪቢሻና እንደ ጠባቂ መንፈስ ሲከበር አይቻለሁ፤ ወንድሙን ትቶ ለእውነት የቆመው እርሱ ነው። ከራሜስዋራም በመኪና ማዱራይ፣ ከዚያም በቼናይ በኩል በአውሮፕላን ኮሎምቦ ይደርሳሉ። ቪዛው ለብቻ ነው። ጊዜ ለማግኘት ናሺክንና ቺትራኩትን ይተዉ።

ዘአዳማ

ሦስተኛው ጥያቄ ስላልተመለሰ ጥቂት ልበል። ማየትና ማምለክ የተለያዩ ናቸው፤ ጫማ አውልቆ በጸጥታ መቆም ለእኛም የቤተ ክርስቲያን ልማዳችን ነውና አያስቸግርዎትም። ጥንቃቄ የሚሻው ካህናቱ ግንባር ላይ የሚቀቡት ቀለምና ለጣዖቱ ቀርቦ ለሰው የሚታደለው ፕራሳድ የሚባል ምግብ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ለጣዖት ስለተሠዋ የጻፈውን ያስታውሱና ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ያማክሩ። ሁለት እጅን አጋጥሞ በትሕትና ጎንበስ ብሎ ማለፍ ማንንም አያስቀይምም። በደቡብ ህንድ በብዙ ቤተ መቅደሶች ውስጠኛው ክፍል ለሂንዱዎች ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ ደጅ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ማንበብ ያስፈልጋል።

ጾመ ነቢያት ላይ ከሄዱ በእነዚህ ከተሞች ሥጋ የሌለበት ምግብ ሞልቷል። ሆኖም ወጡም ቂጣውም በቅቤ ስለሚሠራ «ጊ» የሚለውን ቃል ይያዙ፤ እርሱ የእነሱ የተነጠረ ቅቤ ነው። በኬረላ ያለችው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የእኛ እህት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ ጉባኤም አብራ ተቀምጣለች። እሑድን ከእነሱ ጋር ቢያስቀድሱ ባዕድነት አይሰማዎትም።

ጡረተኛው መምህር (ሐዋሳ)

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሳችሁን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ የጫማው ታሪክ ላይ ስንደርስ ድገመው አለችኝ።

ኮሎምቦን ያዩት ወንድሜ የጻፉት አሳማኝ ነው፤ ዳኑሽኮዲ ላይ ቆሜ ልመለስ አልችልም። ስለዚህ አዮድያን ከናንዲግራም ጋር፣ ሃምፒን፣ ራሜስዋራምንና ሲታ ኤሊያን መርጫለሁ። ናሺክንና ቺትራኩትን ቅር እያለኝ ትቻለሁ። የምነሣው ከኅዳር አጋማሽ በፊት ይሆናል። ቀሪው ጥያቄዬ ለፑኔዋ ተመራቂ ነው፤ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይይዘኛልና አንጃናድሪን መውጣት ባልችል ሃምፒ ላይ ሦስት ቀን መቆየቴ ትርፍ ይሆናል?

የፑኔ ተመራቂ (አዳማ)

ትርፍ አይሆንም፣ መምህር። ሃዛራ ራማ ሜዳ ላይ ስለሆነ የሚወጣ ደረጃ የለበትም። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይግቡና ቅርጾቹን ከመጀመሪያው ጀምረው ተራ በተራ ይከተሏቸው። የቀለበቱን ቅርጽ እኔ ፈልጌ አላየሁትም፤ ካገኙት ፎቶውን እዚህ ይላኩልን።