የፀሐይ ፍንዳታ ትንበያ ሰዓቱ ለምን ይዛነፋል? (ለጅማ ቀያሾች)

ቀያሽ ዘጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዙሪያ በአርቲኬ ጂፒኤስ (በቋሚ መቀበያ እርማት በሴንቲሜትር ደረጃ በሚለካው) ይዞታ እንለካለን። የመግነጢስ ማዕበል በመጣ ቀን ሮቨሩ (ይዘነው የምንዞረው መቀበያ) ከፊክስ (ከአስተማማኙ ልኬት) ወደ ፍሎት (ወደ ግምታዊው) ይወርዳል፤ ስለዚህ ትንበያ አይተን ነው ቀጠሮ የምንሰጠው። ፍንዳታው (ከፀሐይ የሚወረወረው የጋዝና የመግነጢስ ደመና) በሰከንድ 1000 ኪ.ሜ ወጣ ከተባለ፣ እስከ ምድር ያለው 150 ሚሊዮን ኪ.ሜ ሲካፈል 42 ሰዓት ግድም ይመጣል። ትንበያው ግን 53 ይላል። የቱን እንያዝ?

ፀሐይ ጠባቂ፦
ማካፈሉስ ልክ ነው፤ ፍጥነቱ ግን እንዳለ አይዘልቅም። የፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ ዘወትር የሚፈሰው የቅንጣት ጅረት) ፈጣኑን ፍንዳታ ይጎትተዋል፣ ዘገምተኛውን ይገፋዋል። በጉተታ ሞዴል አስላው፦ መነሻ 20 የፀሐይ ራዲየስ፣ ፍጥነት በሰከንድ 1000 ኪ.ሜ፣ ነፋስ 400፣ የጉተታ መጠን በኪ.ሜ 0.00000002። 53 ሰዓት ያህል ይወጣል፤ ምድር ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 580 ወርዷል። ነፋሱን ብቻ 500 ብታደርገው 48 ሰዓት አይሞላም። ነፋሱን 400 ላይ ትተህ መነሻ ፍጥነቱን 800 ካልከው ደግሞ 59 ተኩል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣውን ፍንዳታ ሶሆ (ፀሐይን የሚከታተለው መንኮራኩር) የሚያየው ፊት ለፊት ነው። ፀሐይን እንደ ቀለበት ከቦ ሲሰፋ ይታያል እንጂ ወደኛ የሚገሰግስበት ፍጥነት በቀጥታ አይለካም። ስለዚህ 10 ሰዓት ወዲያ ወዲህ ማለት የተለመደ ነው። ተከታትለው ከወጡማ ይብሳል፦ የፊተኛው መንገዱን ይጠርግለትና የኋላው ሳይጎተት ይደርሳል። ግንቦት 2016 (በፈረንጅ ሜይ 2024) የጂ5 (የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ) ማዕበል ያስነሱት እንዲህ የተደራረቡ ነበሩ።

ሰባት ሜጋኸርዝ፦
የትንበያው ሰንጠረዥ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) መሆኑን አትርሱ። ለሐበሻ ሰዓት 3 ቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ቀንሱ፤ 18:00 ማለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። 3 ደምሮ 21 ያለና በሐበሻ ሰዓት የሚያስብ ሲነጋገሩ የሚፈጠረውን ግርግር ለእናንተው እተዋለሁ።

ቀያሽ ዘጅማ፦
እና ቀጠሮውስ? 20 ሰዓት ሙሉ ሠራተኛ ፈትቼ ልቀመጥ?

ፀሐይ ጠባቂ፦
የለም ወንድሜ። ትንበያውን ለዝግጅት፣ ኤል-1ን (በፀሐይና በምድር መካከል ነፋሱን የሚለኩ መንኮራኩሮች ያሉበትን ቦታ) ለውሳኔ ተጠቀምበት። መንኮራኩሮቹ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪ.ሜ ላይ ናቸው፤ ነፋሱ 600 ከሆነ 40 ደቂቃ ያህል ፋታ አለህ። መጀመሪያ ፍጥነቱና የመግነጢስ ጉልበቱ ባንዴ ይዘላሉ። ከዚያ ቢዜድን (የነፋሱን መግነጢስ የሰሜን-ደቡብ ክፍል፤ ኔጋቲቭ ማለት ወደ ደቡብ) ተመልከት፦ ከኔጋቲቭ 10 ናኖቴስላ በታች ወርዶ ለሰዓታት ከቆየ ማዕበሉ እውን ነው። ወደ ሰሜን ከዞረ ግን በሰዓቱ የደረሰ ፍንዳታም ብዙ ሳይጎዳ ያልፋል፤ ይህን ኤል-1 ሳይደርስ በአስተማማኝ የሚነግርህ የለም።

ኬፒን (የመግነጢስ ማዕበል መለኪያውን) ብቻ አትመን። የሚሰላው ከ13 ጣቢያዎች ነው፣ እነሱም ከወገብ የራቁ ናቸው፤ ጅማ ደግሞ የመግነጢስ ወገብ አጠገብ ናት። እዚህ አዮኖስፌሩ (ኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የአየር ክፍል) ያለ ማዕበልም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሲግናል ያርገበግባል፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ። ስለዚህ ቤዙን (ቋሚውን መቀበያ) ከሮቨሩ ከ5 ኪ.ሜ አታርቀው፣ ጥሬ ዳታውን መዝግብ፣ በየሰዓቱ ወደ ታወቀ የመቆጣጠሪያ ነጥብ ተመለስ። ልዩነቱ ከ3 ሳ.ሜ ካለፈ ካለፈው ፍተሻ ወዲህ የለካኸውን ድገም፤ ፊክስ የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ስላለ ብቻ አትለፈው።