እናቴ ስለ ሕመሟ እውነቱን ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?

ጥያቄ

የ71 ዓመት እናቴ በጉበት ካንሰር ታማ ተኝታለች። ኬሞቴራፒው ከዚህ በኋላ እንደማይጠቅማትና የሚቀረው ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው የማስታገሻ ሕክምና እንደሆነ ሐኪሟ ለእኛ ለልጆቿ ከነገሩን ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ እኛም ተማክረን ለእርሷ ላለመንገር ወሰንን። ትናንት ማታ ትራሷን ሳስተካክልላት እጄን ያዝ አድርጋ «ሐኪሙ ለእናንተ ብቻ የነገሯችሁ ነገር አለ?» አለችኝ። «ምንም የለም፣ ትድኛለሽ» ስላት እጄን ለቅቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ታላቅ ወንድሜ እውነቱን ብትሰማ ተስፋ ቆርጣ ቀኗ እንደሚያጥር ያምናል፤ ሞርፊን የሚባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ማስጀመርንም እንደ ሞት ፍርድ ስለሚቆጥረው ሕመሟ እየበረታ እንኳ አልተስማማም። እንደገና ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?

መልስ 1

በማስታገሻ ሕክምና ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። እናትዎ ያን ጥያቄ ያነሡት ነገሩን ጠርጥረው ይመስለኛል፤ ሰውነቱ ዕለት ዕለት የሚከዳው ሰው ከማንም ቀድሞ ያውቃልና። ስለዚህ ምን ልንገራቸው ከማለትዎ በፊት ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ይጠይቋቸው። «ትናንት ስትጠይቂኝ ደንግጬ ቸኩዬ መለስኩልሽ፤ ለአንቺስ ሕመምሽ ወዴት እየሄደ ይመስልሻል?» ብሎ መጀመር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነው፤ ከባዱም ይኸው ነው። ዝምታው ሲያስጨንቀን በማጽናኛ ቃል እንሞላዋለን፤ ሕመምተኛው ሊናገር አፉ ላይ የደረሰውም ተመልሶ ይዋጣል።

ካስታመምኋቸው አንድ አዛውንት ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ሲያድሩ ቤተሰባቸው ሞትን ፈርተው ይመስለው ነበር። ከሁሉ የሚያስጨንቅዎ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው ግን፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ባለቤታቸው ሳይሰሙ እንዳያልፉ መሥጋታቸውን ነገሩኝ። የባለቤታቸውን አልጋ ከአልጋቸው አስጠጋን፣ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ደወል አኖርን፣ ሐኪሙም ለትንፋሽ እጥረቱ አነስተኛ መጠን ያለው የሞርፊን ሽሮፕ አዘዙላቸው፤ በሦስተኛው ሌሊት ተኙ።

መልስ 2

ሐኪም ነኝ፤ ስለ ወንድምዎ ሥጋት ጥቂት ልበል። ከፍቅር የመጣ ሥጋት ነውና በቁጣ አይመልሱለት። ሞርፊን በትንሽ መጠን ተጀምሮ ሕመሙ እየታየ ቀስ በቀስ ከተስተካከለ ሞትን አያፋጥንም፤ የእናትዎ ጉበት ስለተጎዳ መጠኑንና የሰዓቱን ርቀት ሐኪማቸው በተለየ ጥንቃቄ ይወስናሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ቢላቸው አብዛኛውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል፤ የሆድ ድርቀቱ ግን በቀላሉ ስለማይለቅ የሆድ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መታዘዝ አለበት። የማያቋርጥ ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱ ሕመሙ እስኪያገረሽ ሳይጠበቅ ሐኪሙ በወሰነው የሰዓት ልዩነት ይሰጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሊድኑ የማይችሉ ሕሙማን እንክብካቤ የሚያገኙበትን ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈቱት ዶክተር ሲስሊ ሳውንደርስ አጥብቀው ያስተማሩት ይህንኑ ነበር።

ቀን ያጥራል ስለሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት የሳንባ ካንሰራቸው የተሠራጨ 151 ሕሙማንን ተከታትሏል። ከተለመደው ሕክምና ጋር የማስታገሻ ሕክምናውንም ቀደም ብለው የጀመሩት ኑሯቸው ተሻለ፣ ድብርታቸው ቀነሰ፣ የቆዩበትም ጊዜ መካከለኛው 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር። በሽታውም ደረጃውም ስለሚለያይ ይህን ለእናትዎ የዕድሜ ተስፋ አድርጌ አላቀርበውም፤ ማስታገሻ ማስጀመር ሕመምተኛን መተው ለሚመስለው ለወንድምዎ ግን ቢያነቡለት እወዳለሁ።

መልስ 3

እኔ በሌላ ወገን ያየሁትን ልጨምር። አባቴ ሲጠየቅ «ሐኪሙ የሚሉትን ለእህትህ ይንገሯት፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ፤ አከበርንለት። አለማወቅን የመረጠው ራሱ ስለነበር እኛም ሳንዋሸው አስታመምነው፤ አልፎ አልፎም ሐሳቡን ቀይሮ እንደሆነ እንጠይቀው ነበር። ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው ራሱ አስጠርቶን የማንን ብድር መመለስ እንዳለብን አንድ በአንድ ነገረን።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ እያለ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው እንጂ ካወቅሁት ቆየሁ» አለች። ወደ ሆስፒታል ተመልሳ መተኛት እንደማትፈልግ፣ ርቃ የምትኖረው ታናሽ እህቴ እንድትጠራላት፣ ሕመሙም ሌሊት ሌሊት እንደሚብስባት ነገረችን። ስለ ሞርፊኑ ነገ ጠዋት ሐኪሟን የሚያነጋግረው ወንድሜ ነው።