የማህበራዊ ሳይንስ ጥናት በአገራችን ፖሊሲን በተግባር የለወጠበት ምሳሌ አለ?

ጠያቂ፦ የወረዳው ሰው

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ወረዳ የፕላን ባለሙያ ነኝ። በዓመታዊ ዕቅድ ውይይታችን ላይ ለዳሰሳ ጥናት የተያዘችው ጥቂት ገንዘብ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወር የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ አብዛኛው ተሰብሳቢ «ጥናት መደርደሪያ ከመሙላት ያለፈ ምን ፈየደልን?» እያለ ደገፈው። የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ስለሆነ ልቃወም ብፈልግም፣ «ይህ ጥናት ባይኖር ኖሮ ይህ ፕሮግራም በዚህ መልክ አይሠራም ነበር» ብዬ የምጠቅሰው የአገር ውስጥ ምሳሌ አጣሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ኢኮኖሚክስ፣ ሶሲዮሎጂ ወይም አንትሮፖሎጂ የአንድን የመንግሥት ፕሮግራም አካሄድ በግልጽ የቀየረበት አጋጣሚ የትኛው ነው? ጥናቱስ ይበልጥ የሚጠቅመው ፖሊሲው ከመውጣቱ በፊት ነው ወይስ ሥራው ከተጀመረ በኋላ?

መላሽ፦ አሃዝ

እኔ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን እጠቅሳለሁ፤ ምግብ ለሚያጥራቸው የገጠር ቤተሰቦች፣ መሥራት ለሚችሉት በማኅበረሰብ የጉልበት ሥራ፣ ለማይችሉት ደግሞ በቀጥታ፣ ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠው ማለት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ከ1986 ጀምሮ በ15 የገጠር መንደሮች የሚኖሩ 1,500 ያህል ቤተሰቦችን እየተመላለሰ ይጠይቅ ነበር። ያው ቤተሰብ በተለያዩ ዓመታት ሲጠየቅ የአንድ ጊዜ ቆጠራ የማያሳየው ነገር ይታያል፤ ድርቅ ሲመጣ ብቻ የሚቸገረው ማን እንደሆነ፣ ዝናቡ በሰመረበት ዓመት እንኳ እህሉ የማይደርስለት ደግሞ ማን እንደሆነ ይለያል። የ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ የጎዳቸው ቤተሰቦች ከአሥር ዓመት በኋላም ኑሯቸው እንደሌሎቹ አለማደጉን ያየነው ከዚህ መረጃ ነው። በ1995 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሲሆን፣ በየዓመቱ አዲስ የእርዳታ ጥሪ ከማሰማት ይልቅ ችግሩ ሥር ለሰደደበት ቤተሰብ አስቀድሞ የሚታወቅ ክፍያ መስጠት ይሻላል የሚለው ክርክር አሸነፈና ፕሮግራሙ በጥር 1997 ተጀመረ። ጥናት ብቻውን ወለደው አልልም፤ ለጋሾቹም መንግሥትም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከ1998 ክረምት አንሥቶ የምርምር ተቋሙ ከማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጋር በየሁለት ዓመቱ ተጠቃሚዎችንና ተጠቃሚ ያልሆኑትን ማነጻጸር ጀመረ። የመጀመሪያው ግምገማ ፕሮግራሙ በአማካይ ያመጣው ለውጥ አነስተኛ መሆኑን አሳየ። ሪፖርቱ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ «ገንዘቡ ባክኗል» ለማለት በበቃ ነበር። ተመራማሪዎቹ አማካዩን በትነው ሲያዩት ግን ብዙ ቤተሰቦች የተመደበላቸውን ክፍያ በሙሉ አላገኙም፤ ቢያንስ ግማሹን ያገኙት ደግሞ የምግብ ዋስትናቸው ተሻሽሏል። ጉድለቱ ከአከፋፈሉ እንጂ ከሐሳቡ አልነበረም ማለት ነው። ኋላ በተደረጉት ዙሮች፣ ለአምስት ዓመት የታቀፈ ቤተሰብ ለአንድ ዓመት ብቻ ከታቀፈው ጋር ሲነጻጸር እህል የሚያጥርበት ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ቀነሰ። በአንጻሩ የሕፃናት መቀንጨር (ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ማነስ) ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም፤ በ2007/08 የተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ከጉልበት ሥራ ነፃ የሆነ ቀጥታ ድጋፍንና የሥነ ምግብ ትምህርትን አጠናክሮ የያዘው ይህን መሰል ውጤት በእጅ ስለነበረ ጭምር ነው።

መላሽ፦ መስክ ወራጅ

አሃዝ ባሉት እስማማለሁ፤ ሆኖም ቁጥሩ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ካልተነገረ የሶሲዮሎጂና የአንትሮፖሎጂ ድርሻ ተዘሎ ይቀራል። በወሎ አንድ ቀበሌ መረጃ ሰብሳቢዎችን ሳስተባብር መጠይቁ «ባለፉት 12 ወራት ቤተሰብዎን ለመመገብ የተቸገሩት ስንት ወር ነው?» የሚል ነበር። አንድ አባወራ በእርጋታ «ተመስገን ነው ልጄ፤ ምን ይባላል» አሉ። ወጣቱ ሰብሳቢ ዜሮ ሊጽፍ ሲል አስቆምኩትና፣ በሰኔ ጎተራው ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ዘሩን ከየት እንዳመጡት፣ ከብት ወይም በግ ሸጠው እንደሆነ ጠየቅናቸው። ዘሩ ብድር ነበር፤ ሁለቱ በጎች ነሐሴ ሳይገባ ለእህል ተሸጠዋል። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ወሮቹን አንድ በአንድ ሲቆጥሩልን አራት ደረሱ። በዐቢይ ጾም ወቅት «የምግብ ቁጥር የቀነሱበት ቀን አለ?» ብሎ መጠየቅም እንዲሁ ጾሙንና ማጣቱን አንድ ላይ ይደባልቃል። የሰዉን ይሉኝታና ልማድ የማያውቅ መጠይቅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ስሕተት በኋላ በምንም ቀመር አይጸዳም።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የተጠቃሚዎች ልየታ ነው። በደጋው አካባቢ የቀበሌ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ድሆቹን ለይቶ ዝርዝሩን በስብሰባ ማሰማቱ በአመዛኙ ጥሩ እንደሠራ ጥናቶቹ አሳይተዋል። ያው አሠራር ወደ አፋርና ሶማሌ ክልሎች ሲሄድ ግን ልየታው በእጅጉ ደከመ፤ የጎሳ ሽማግሌዎች በዝርዝሩ ላይ ያላቸው ቃል ከባድ ነው፣ የተሰጠው እህልም ቤት ከገባ በኋላ ለዘመድ ይካፈላል። ከሩቅ ለሚያይ ይህ አድልዎና ሥርዓት አልበኝነት ይመስላል። አርብቶ አደሩ ዘንድ ግን መካፈል የድርቅ መድኅን ነው፤ ዛሬ ያላካፈለ ሰው ነገ መንጋው ሲያልቅ የሚደርስለት የለውም። ይህን ያልተረዳ መመሪያ ሰዎችን በየቤታቸው ነጣጥሎ «ይህ ይገባዋል፣ ያ አይገባውም» ሲል፣ ከእህሉ በላይ ዋጋ ያለውን ዝምድና እንዲያፈርሱ እየጠየቃቸው ነው። በእኔ አስተያየት ኢኮኖሚስቶቹ ልየታው መድከሙን ለኩት፤ ምክንያቱን ያገኘው ግን አብሮ ተቀምጦ ሻይ የጠጣው ተመራማሪ ነው።

መላሽ፦ የመሬት ጉዳይ

ከፖሊሲው በፊት ስለሚደረግ ጥናት የገጠር መሬት ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ስለደነገገ የባለቤትነቱ ክርክር በፖለቲካ ተዘጋ። እነ ደሳለኝ ራህማቶን የመሰሉ ተመራማሪዎች ግን ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ ገበሬ በማሳው ላይ እርከን እንደማይጠግንና ዛፍ እንደማይተክል ደጋግመው ጻፉ፤ በአማራ ክልል የተካሄደው የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግም ሥጋቱን አባባሰው። ትግራይ በ1990 በቀላል ዘዴ የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ጀመረች፤ አማራ ክልል ከ1995 ወዲህ ሲከተል በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ እንዲገባ አደረገ። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች ደብተር ያላቸው አርሶ አደሮች እርከናቸውን የተሻለ እንደሚንከባከቡ፣ በሬ የሌላቸው እማወራዎችም መሬታቸውን ያለ ሥጋት ለሌላ ለማሳረስ እንደደፈሩ አሳይተዋል። ተመራማሪው ሕገ መንግሥቱን አላስለወጠም፤ ሕገ መንግሥቱ በፈቀደው ወሰን ውስጥ የሚሠራ ነገር ግን ተገኘ።

መላሽ፦ ጡረተኛው

የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እኔ ሠላሳ ዓመት በሠራሁበት ቢሮ እነዚህ ሪፖርቶች የሚመጡት በእንግሊዝኛ፣ በመቶ ገጽ፣ በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ነበር። «መደርደሪያ ይሞላል» የሚሉት ባልደረቦችዎ ነገሩን ከሜዳ አላነሡትም።

ጠያቂ፦ የወረዳው ሰው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የክፍያው መቆራረጥ ጉዳይ በእኛም ወረዳ ስላለ ለስብሰባው ይጠቅመኛል። እንግዲህ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳንጠራና ትልቅ በጀት ሳንይዝ በወረዳ ደረጃ ምን ልንሠራ እንችላለን?

መላሽ፦ መስክ ወራጅ

ከሴፍቲኔቱ የቅሬታ መዝገብ ይጀምሩ። የየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የያዘውን አሰባስበው አቤት ካሉት ውስጥ ስንቶቹ ሴቶች እንደሆኑ፣ ከየትኛው ጎጥ እንደመጡ፣ ለስንቶቹ መልስ እንደተሰጠ በአንድ ገጽ በአማርኛ ያውጡ። ቀጥሎ ምንም ቅሬታ ያልመጣበትን ጎጥ ይምረጡ፤ ዝምታው ሁልጊዜ እርካታ አይደለም፣ ቀበሌው ስለሚርቅ ወይም አቤት ማለት ስለሚያስፈራ ሊሆን ይችላል። እዚያ ሄደው ጥቂት ቤቶችን፣ ባልና ሚስትን ለየብቻ፣ ያነጋግሩ። ክፍያው በየወሩ በስንተኛው ቀን እንደደረሰም ከፋይናንስ ሰነዱ ጋር ያስተያዩ። ገጹን በጀት ከመጽደቁ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለው ለአስተዳዳሪው ይስጡ። ለዚህ የሚያስፈልገው የሁለት ባለሙያ ውሎ አበልና የሞተር ነዳጅ ነው፤ ሊያዛውሩባችሁ ካሰቧት ገንዘብ የሚበልጥ አይመስለኝም።